ከሽማግሌዎቹ በፊት የደረሰው መጽሔት

እኔ ስልክ ሲጮህ «ማን ሞተ?» ብዬ የምነሣ ሰው ነኝ። ደብዳቤ ሲመጣልኝ ከመክፈቴ በፊት ውሃ እጠጣለሁ። እናቴ «አንቺ ሆዴ ውስጥ እያለሽ ነው መደንገጥ የጀመርሽው» ትለኝ ነበር፤ ራሷ ግን ከእኔ ትብሳለች። ስለዚህ የዚያን ሳምንት ነገር ሳወራ «አጋነነች» የሚለኝ ቢኖር አልቀየምም። ብቻ በዚያ ሳምንት ላገባው የምፈልገው ሰው በአንዲት መስመር ቀልድ ምክንያት ከእጄ ሊወጣ ነበር። ቀልዷን የጻፍኳት ደግሞ እኔው ነኝ።

ደርግ ወድቆ ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን የፈላበት ዘመን ነው። ሐረር የሚደርሰው ግን አዲስ አበባ ያሉት አንብበው ከረሱት በኋላ ነበር፤ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ታስሮ፣ አንዳንዴም ዝናብ መትቶት፣ ሐሙስ ማታ ይገባል። ገዝቶ የሚያነብ ሰው ብዙ አልነበረም። እንከራይ ነበር። ፈረስ መጋላ አደባባይ ዳር ከሶፊ ገጠር የመጣ አንድ ሰው መጽሔቶቹን ላስቲክ ላይ ይዘረጋል፣ አጠገቡ ዱካዎች ይደረድራል። ሳንቲም ትሰጡታላችሁ፣ መጽሔቱን ይሰጣችኋል፣ ዱካው ላይ ቁጭ ብላችሁ አንብባችሁ ትመልሳላችሁ። ይዞ መሄድ የለም። ዱካውም የመጽሔቱ ነው፤ ያልተከራየ አይቀመጥም።

እስክሪብቶም ክልክል ነው። መስቀለኛ ቃላቱን አንዱ ከሞላው ቀጣዩ ምን ሊከራይ? «ወላሂ ነጥብ ያረፈበት ወረቀት አልቀበልም» ይል ነበር አከራዩ፣ ገና መጽሔቱን ሲያቀብል። በዚህ የተነሣ የሐረር ሰው መስቀለኛ ቃላትን የሚሞላው በጭንቅላቱ ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ለመቃም በርጫ ከመግባታቸው በፊት፣ ጫታቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው አግድሙን በቃላቸው ይዘው ቁልቁሉን የሚፈልጉ ሰዎች ይሰበሰባሉ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ያየ እንግዳ ጸሎት ላይ ያሉ ይመስሉታል።

የነዚህ ሁሉ አለቃ አንድ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ መልስ ሕዝቡ ሲረጋጋ ይመጣሉ። መጽሔቱን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ ሁለት እጃቸውን ምርኩዛቸው ላይ ጭነው፣ ሳያጉረመርሙ ሙሉውን ይፈቱታል። ሲጨርሱ «ቀላል ነበር» ብለው ይነሣሉ። ሲስቁ ያየ ሰው አላውቅም። እንግዲህ እኚህ ሰው የምወደው ልጅ አባት ናቸው።

መጽሔቱ መጨረሻ ገጽ ላይ ቃል የሌለው ካርቱን ይወጣ ነበር። «ይህ ሥዕል ምን ይላል?» ይላል ከላዩ። አንባቢ ኩፖኑን ቆርጦ፣ ለሥዕሉ የሚስማማ አንድ መስመር ጽፎ በፖስታ ይልካል። ወራት ቆይቶ ሥዕሉ ከአሸናፊው መስመር ጋር እንደገና ይታተማል፤ ከሥሩ የጸሐፊው ስም፣ የአባቱ ስምና ከተማው ይሰፍራል።

በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የላክሁት። ሥዕሉን ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሦስት ሽማግሌዎች ሳሎን መሃል ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ጢማቸው ጉልበታቸው ደርሷል። አጠገባቸው ያሉት ባዶ ወንበሮች ሸረሪት አድርቶባቸዋል። የቤቱ ባለቤት ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ያንን ቤት አውቀዋለሁ፤ የኛ ቤት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ መምህር ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ገብተው ቆሙ። አባቴ «ተቀመጡ» አለ። «ጉዳይ አለን፤ ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ። ተናገሩ። አባቴም ጉሮሮውን ጠራርጎ «ከዘመድ ጋር ተመካክረን እናሳውቃችኋለን» አለ። ይህ ያለ ነው፤ ሴት ልጅ በመጀመሪያው ቀን አትሰጥም። ለሁለተኛ ጊዜ መጡ፣ ዘመድ አልተሟላም ተባለ። ለሦስተኛ ጊዜ መጡ፣ ጾም ነው ተባለ። አራተኛው ሳይደርስ መምህሩ ጅጅጋ ተዛውሮ ሌላ አገባ።

መምህሩን ብዙም አልወደድኩትም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አልተጎዳሁም። ያናደደኝ ሌላ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ እኔ ከሥራ የምመለስበትን ሰዓት ይጠብቃል። በር ስከፍት «መጣሽ?» ይላል፣ ሌላ የሚመጣ ሰው ያለ ይመስል። ወንድሞቼ ሁሉም ከሐረር ወጥተዋል። ሽማግሌዎቹን ለምን እንደሚያመላልሳቸው ቤቱ ውስጥ ሁላችንም እናውቃለን፣ ማናችንም አንናገርም። እኔም በቃሌ መናገር ስላልቻልኩ ያን መጽሔት ገዛሁ፣ ኩፖኑን ቆረጥኩና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ልጅቷን ሳትሰጡን አንቀመጥም ብለው ቆሙ፤ እሷ ጡረታ ወጣች፣ እነሱ ይኸው እንደቆሙ ናቸው።»

ላክሁትና ረሳሁት።

በመሃል ይህ ልጅ መጣ። ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራል። ከጠበቅሁት በላይ ወደድኩት፤ መውደድ እንደ እኔ ላለ ሰው ሌላ የሚያስፈራ ነገር መጨመር ማለት ነው። አባቱ ሽማግሌ ለመላክ ተስማሙ። ለእሁድ ተቀጠረ።

ዓርብ ጠዋት መሥሪያ ቤት ታይፕ ስመታ እናቴ በሩን ገፍታ ገባች። ለጓዳ የሚሆን ቅመም ልትገዛ ጊደር መጋላ ገበያ ነበር የሄደችው፤ ዘንቢሏ ግን ባዶ ነው። ነጠላዋ መሬት ይጎተታል።

«አለቅን» አለችኝ።

«አባዬ ምን ሆነ?»

«አባትሽማ ገና አልሰማም። ሲሰማ ነው የሚሆነው!»

አከራዩ መንገድ ላይ አይቷት «እንኳን ደስ ያለዎት እናቴ፣ የልጅዎ ስም መጽሔት ላይ ወጣ!» ብሎ ገጹን ገልጦ አሳይቷታል። ይህን ስትነግረኝ ሁለት ነገር አብሮ ታየኝ። አንደኛው እኚያ ሳቅ የማያውቁ ሰውዬ፣ ሽማግሌዎቻቸውን ሊልኩ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ የወደፊት ምራታቸው በሽማግሌ የቀለደችውን ሲያነቡ ነው። ሁለተኛው ይብሳል። እኛ አገር የሰው ስም ብቻውን አይወጣም። ከቀልዱ ሥር ካሉት ሁለት ስሞች አንዱ የአባቴ ነው። ሶፋ ላይ ተኝቶ የተሳለው ሰውዬ የአባቴን ስም ይዞ አገር እየዞረ ነው።

«የጻፍሽው መቼ ነው?» አለች እናቴ።

«ይህ ልጅ ሳይመጣ ነው! ማን አስቦት?»

«ይህንን ለማን ተናግረን እናሳምናለን? ሽማግሌ ከመግባቱ በፊት ሽማግሌ ሰደበች ነው የሚሉን።»

በጻፍኩት ግን አላፈርኩም፤ ቀልዱ እውነት ነበርና። የቆጨኝ እውነቱ አሁን መውጣቱ ነው።

እናቴ ተጨንቃ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። መጽሔቶቹን ሁሉ ለመግዛት እጃችን አጥሯል፤ ብንገዛም ሁሉንም ገዙት ተብሎ እስከ ምሽት አገሩ ሁሉ ያወራዋል። ስለዚህ አክስቴን ጠርታ ያሉትን ሁሉ ተከራየች። ሳነብ ዋልኩ ብትል ማን ይከለክላታል? የምሳ ሰዓት ሲደርስ እየሮጥኩ ስሄድ ሁለቱን ዱካ ላይ አገኘኋቸው። እናቴ አንዱን መጽሔት ገልጣ ይዛለች፣ ሌሎቹን አክስቴ ቀሚሷ ሥር አድርጋ ተቀምጣባቸዋለች።

«አቦ እናቴ፣ አምስቱን ባንዴ እንዴት ያነቡታል?» ይላል አከራዩ።

«ዓይኔ ደካማ ነው፤ አንዱ ካልታየኝ በሌላው እሞክራለሁ።»

«ታዲያ ሰው ይመጣብኛል እኮ! ከጁምዓ ሲመለሱ ምን ልበላቸው?»

«የመጣው አምስት ብቻ ነው?» አልኩት ፈራ ተባ እያልኩ።

«ስድስት ነበር። አንዱን ጠዋት ዕቃ ሳራግፍ ባለቤቴ ሸጠችው። ኮት የለበሱ ትልቅ ሰውዬ ናቸው አለችኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬም ገዝቶ የሚያነብ አለ።»

ኮት የለበሰ ትልቅ ሰው! ሐረር ውስጥ ከዚያ ሌላ ምን አለ? ለእሁድ የተቀጠሩት ሽማግሌዎች ትልቁ ኮት ይለብሳሉ። የነፍስ አባታችን ከካባቸው ሥር ኮት ይለብሳሉ። ስድስተኛው መጽሔት በየትኛው ቤት ጠረጴዛ ላይ ይሆን የተዘረጋው?

ይህን እያልን የወዳጄ አባት ከማዶ ብቅ አሉ። ምርኩዛቸውን እየተከሉ፣ ሳይቸኩሉ።

«አዲሱ ገብቷል አሉኝ» አሉት አከራዩን።

አከራዩ እናቴን አየ። እናቴ መሬት አየች።

«ገብቷል አባባ። ግን ተይዟል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«እንግዲያው እጠብቃለሁ» ብለው ቆሙ።

እናቴ ያለ ልማዷ መጽሔቱ ላይ አቀረቀረች። ግን የጨዋ ልጅ ነች፤ ትልቅ ሰው ቆሞ መቀመጥ አልሆነላትም። ብድግ አለች።

«ይቀመጡ እንጂ አባቴ፤ በእኔ ሞት!»

«ኧረ በእግዚአብሔር፣ አይሆንም። የቦታውን ደንብ አውቃለሁ፤ መጽሔቱን ሳልይዝ አልቀመጥም።»

እናቴ ትቀመጥ ትነሣ ጠፋት። ሰውዬው ፀሐይ ላይ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ አጠገባቸው ባዶ ዱካ አለ። ያ ሥዕል ከወረቀቱ ወጥቶ ፊቴ ቆመ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ጊዜ ግን ቁጣ መጣብኝ። ትልቅ ሰው ፀሐይ ላይ አቁመን ምንድን ነው የምንደብቀው? ሁልጊዜ ሰው አቁሞ ማቆየት ነው እንዴ የኛ ቤት ሥራ? አክስቴን «ተነሺ» አልኳት፣ አንዱን መጽሔት ከሥሯ ሳብኩና በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። እናቴ «ምነው ልጄ!» ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ተቀመጡ። እግዜር ያሳያችሁ፣ መጀመሪያ መስቀለኛ ቃላቱን ነው የጀመሩት። እኔ ወደ ሥራ መመለስ ነበረብኝ፣ መሄድ ግን አልቻልኩም። አንዱ ቃል አስቸገራቸው መሰለኝ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ይህን ሳይፈቱ ተነሥተው በሄዱ ብዬ ተመኘሁ፤ ወዲያው ደግሞ ፈትተው በገላገሉኝ አልኩ። በመጨረሻ «ቀላል ነበር» አሉና ገጹን ገለበጡ።

ሥዕሉን አዩ። ከሥሩ ያለውን አነበቡ። ስሙን አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁና በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው መልሰው አደረጉት፣ እንደገና አነበቡ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«አንቺ ነሽ?»

«አዎ አባባ፣ እኔ ነኝ።»

«እህ» አሉ።

መጽሔቱን ለአከራዩ ሳይሆን ለእኔ መልሰው፣ ለእናቴ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሄዱ። ያቺን «እህ» ስንት ዓይነት አድርጌ እንደተረጎምኳት እኔ ነኝ የማውቀው።

ቅዳሜ ጠዋት ወዳጄ ዘንድ ሆስፒታል ደወልኩ። ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«አባቴ ከትናንት ጀምሮ ዝም ብለዋል» አለኝ። «ዛሬ ሽማግሌዎቹን ጠርተው በር ዘግተው አነጋግረዋቸዋል። እኔን አላስገቡኝም።»

«ሊያስቀሩት ነው?»

«አላውቅም። አንቺ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

ነገርኩት። ከወዲያ ማዶ እንደ ሳል ያለ ነገር ሰማሁ። ይሳቅ ያልቅስ እስከ ዛሬ አላመነልኝም።

ቤት ስመለስ አባቴ መስኮቱ አጠገብ ነው። ጫማውን ቀብቷል። «መጣሽ?» አለኝ። ከዚያ ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቀኝ፦ «ሥራ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው አባዬ።»

«ደህና ከሆነ ጥሩ» አለና ወደ መንገዱ ዞረ። ይህ ሰው የሆነ ነገር ሸቶታል ብዬ ሌላ ጭንቀት ጨመርኩ። እናቴ በበኩሏ ከጓዳ እየወጣች ፊቱን ትሰልላለች፣ ተመልሳ ትገባለች። ሦስታችንም አንድ ቤት ውስጥ በእግር ጣታችን የምንሄድ ያህል ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ሦስት ናቸው፤ ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፣ ምርኩዝ ይዘዋል። እኔና እናቴ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ቆመናል። አባቴ ኮቱን ለብሶ ከበሩ ፊት ለፊት ተቀምጧል። «እንደምን ዋላችሁ» ተባባሉ። አባቴ «ተቀ...» ብሎ ሳይጨርስ ሦስቱም ወንበር ስበው ቁጭ አሉ።

እናቴ ክንዴን በጥፍሯ ያዘችው። ሳይናገር የሚቀመጥ ሽማግሌ አይታ አታውቅም። ልጅ የሚጠይቅ ይቆማል፤ የሚቀመጠው ጉዳይ የሌለው ነው፣ ወይ ደግሞ ጉዳዩን ትቶ ይቅርታ ሊል የመጣ ነው። «ቀሩብን» አለች በትንፋሽ። ምን ልበል፣ እኔም ያኔ ያለቀ ነገር መስሎኛል። ዓይኔን ጨፈንኩ። መምህሩ ሲቀር ያልመጣ እንባ ባንዴ መጣ።

ትልቁ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ አስተኙ።

«አይፍረዱብን» አሉ አባቴን። «ደንቡን ረስተን አይደለም። የላኩን ሰው ናቸው አጥብቀው ያዘዙን። 'ስትገቡ ወዲያው ተቀመጡ፤ ቆማችሁ እንዳትቀሩብኝ። ልጅቷ ጡረታ ሳትወጣ ጨርሳችሁ ኑ' ብለውናል። እኛ ነገሩ አልገባንም፤ ያሉንን አደረስን። ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል።»

የእናቴ ጥፍር ከክንዴ ላይ ላላ። እኔ ግን ከአንዱ ጭንቀት ወጥቼ ሌላው ውስጥ ነው የገባሁት። ይህ ነገር አሁን በአባቴ ፊት ተነገረ። «ምን ማለታቸው ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ መጽሔቱ ይመጣል፣ ስሙን ያነባል። በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት። ጉሮሮውን ጠራረገ። ያንን አጠራረግ አውቀዋለሁ፤ ቀጥሎ የሚመጣው «ከዘመድ ጋር ተመካክረን» ነው። መምህሩ ሦስቴ የሰማው ነው።

አባቴ ግን እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተና የተጣጠፈ መጽሔት አወጣ። ስድስተኛው።

«እኔም አንብቤዋለሁ» አለ። «ሐሙስ ማታ ከአውቶቡስ ሲራገፍ ያየ ጎረቤት 'ስምህ መጽሔት ላይ ወጣ' ሲለኝ ዓርብ በጠዋት ሄጄ ገዛሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ስሜ ታትሞ አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ ከላዩ ያለውን አነበብኩ።» መጽሔቱን በእጁ አገላበጠ። «ሁለተኛ እንዲህ ባይጻፍብኝ ነው የምመርጠው። ዘመድ መጠየቅ አያስፈልገኝም። ልጃችንን ሰጥተናል።»

እናቴ እልል ማለቱን ትታ «ውይ፣ የሚቀርብ ምግብ የለም!» ብላ ጭንቅላቷን ያዘች። እውነቷን ነው፤ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ እህል አይቀምስም፣ በመጀመሪያው ቀን መልስ የሚሰጥ አባት ደግሞ ታይቶ ስለማይታወቅ ጓዳችን ባዶ ነበር። ጎረቤታችን ያሉ የሐረሪ እናት ጩኸቷን ሰምተው በአጥሩ ላይ «ማሻአላህ ነው ወይስ ሌላ?» እያሉ ይጠይቃሉ። አክስቴ ልትነግራቸው ሮጠች፤ ቆይቶም ከእሳቸው ቤት ትልቅ ሳህን ሩዝ መጣ።

ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ ብድግ አሉ። እኔን ጠሩኝ። ፊቴን በነጠላዬ ጠርጌ ወጣሁ። ቀና ብዬ አባቴን ማየት አልቻልኩም። መጽሔቱን አሁንም በእጁ ይዞታል፤ ሥዕሉ ወደ ውስጥ ተጣጥፏል። ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል ራሴን ያዘና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ጡረታ ጥሩ ነገር አይደለም ልጄ» አለኝ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ አድርጎ።